የዳቦ ቤቱ ግድግዳ

ከፍል ውሃ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣
ኅዳር ሊወጣ ሲል፣ ብርዱ ስለት መሳይ፣
መሰላል በትከሻ፣ መፍቻዬን በኪሴ፣
ደረጃውን ወጣሁ
ጢስ መስሎ ሲቀድመኝ የገዛ እስትንፋሴ።
ይገርማል፤ እዚህ ሰፈር ምድሩ ከስር ይፈላል፣
ሁለት ፎቅ ሽቅብ ሲሉ ሰው ይንቀጠቀጣል።

ሃያ ዓመት ሙሉ ፍሪጅ ነው የጠገንኩት፤
ቤት የማሞቁን ሥራ ዘንድሮ ነው የጀመርኩት።
ልጅየው ነው የገዛው። "ለእናቴ ነው" አለኝ፣
"ጉልበቷን ይቆረጥማታል፣ ቶሎ ግጠምልኝ።"

ሶፋው ጥግ እማማ አልጣሽ፣
ሹራብ በሹራብ ላይ፣ ጋቢ ደራርበው፣
ዓይናቸው ብቻ ነው ከልብስ የተረፈው።
"እሳቱስ የት አለ?" አሉኝ ሳጥኑን አይተው።
"እሳት የለውም እማማ።"
          "ታዲያ በምን ሊሞቅ ነው?"
"ከውጪ ነው የሚያመጣው።"
          "ከውጪ?"
መስኮቱን አዩት፣ ጉም የተጫነውን።
"እዚያ ያለው እኮ ብርድ ነው!"

"ብርድም ቢሆን" አልኳቸው፣ "ሙቀት አያጣም ጨርሶ፣
ከታጨደ ማሳ ቃርሚያ እንደሚገኝ፣ ዘለላው አንሶ።
ቱቦው ውስጥ ያለው ጋዝ ከውጪውም አየር ይብሳል በብርዱ፣
ትንሽ በትንሽ ይለቅምና ይዞ ይገባል ከመንገዱ።
ሞተሩ ሲጨምቀው ይግላል፤ እዚህ ያራግፈዋል።
በአንድ ብር መብራት የሦስት ብር ሙቀት ይሆናል።"

ሳቁ። ያ ሁሉ ሹራብ አብሮ ሳቀ።
"ከድሃ ቤት ገብቶ ብድር መለመን ነው በለኛ!
ብርዱንስ ወዴት ነው የሚተፋው፣ ይሄ ዘዴኛ?"
"ወደ ውጪ ነዋ።"
          "ውጪ ማነው ያለው?"
ዝም አልኩ። ከሰገነቱ ስር፣ ዘበኛው እንዳላማው
ካፖርቱን ተከናንቦ፣ ሬዲዮውን ከጆሮው አስጠግቶ፣
ማራገቢያው ቁልቁል ቢነፋ
መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው፣ በማጅራቱ ገብቶ።

ብረቱን ፈታሁት። እንደገና ሰቀልኩት ወደ መንገዱ ዞሮ፣
ከቆርቆሮ ቁራጭ ክንፍ ሠራሁለት፣
ሽቅብ የሚመልሰው ንፋሱን አባሮ።
ሂሳቡ ላይ አልጻፍኩትም።

ፀሐይ ጠለቀች። ቁልፉን ልጫን ስል መብራት ሄደ፤
ከለገሃር ወዲህ ያለው ፎቅ ሁሉ
እፍ እንደተባለ ሻማ ጠፍቶ፣ ጨለማ ወረደ።
በስልኬ ብርሃን ተቀመጥን።

"ካዛንቺስ ሳለን" አሉ፣ "ግድግዳችን አንድ ነበር ከዳቦ ቤት ጋራ፣
ምድጃው ከኛ ወዲያ፣ አልጋዬ ከሱ ወዲህ። ሌሊት ሲሠራ
ይግል ነበር። ጀርባዬን ለጥፌ እተኛለሁ፤
ዘጠኝ ሰዓት ሲል ሊጡ መግባቱን በጀርባዬ አውቃለሁ።
ኑርሰፋ ነበር ባለቤቱ። ለሙቀት ብዬ ሳንቲም አልከፈልኩት፣
እሱ መስጠቱን አያውቅ፣ እኔ መቀበሌን አልነገርኩት።
ሲፈርስ ቆሜ አየሁ። የምድጃው ሆድ፣ ጥላሸቱ፣ በፀሐይ ሲጋለጥ፣
አፈርኩ ልጄ፤ የጎረቤት ገላ እንደማየት ነው፣
ሳያስበው ሲገለጥ።"

ምን ይባላል?
ያልላላውን ብሎን አጠበቅኩ።

ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ መብራት መጣ። ታች እንዳላማው አጨበጨበ።
ማሽኑ አንዴ አቃስቶ፣ ዝም ብሎ ቆየና፣
ለብ ያለ ትንፋሹ ሶፋው ላይ አንዣበበ።
"ደረሰዎት?" አልኩ።
መልስ የለም። ጋቢያቸውን እየጎተቱ፣ ጉልበታቸውን ይዘው ተነሡ፣
አየሩን አልፈውት ወደ ማዶው ግድግዳ ገሰገሡ።
ከወዲያ ማን እንደሚኖር አያውቁም፤ ስድስት ወር ሆናቸው።
መዳፋቸውን ለጠፉ፤ ቀጥሎ ጀርባቸውን፤
ብሎኬት ነው፣ ቀለሙ ገና ያላረጀው።
ጠበቁ።
"ይሄስ" አሉኝ፣ "መቼ ነው የሚሞቀው?"